ፈቃድ የማይጠየቅበት አደን

ቴክሳስ ውስጥ አንድ ሰው ባለመሬቱ እስከፈቀደለት ድረስ፣ በግል ይዞታ ላይ የዱር አሳማ ለማደን የአደን ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅበትም። ይህ ሕግ የጸናው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ነው። (ከአንድ የኢትዮጵያ አዋጅ በቀር ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለአጋዘን ወቅት አለው፣ የቁጥር ገደብ አለው፣ ፀሐይ ከገባች ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ መተኮስም ያስቀጣል። ለአሳማ ግን ወቅት፣ የቁጥር ገደብ፣ የሰዓት ገደብ የሚባል ነገር የለም። በሌሊት በሙቀት ማያ መነጽር፣ ድምፅ ማፈኛ በተገጠመለት ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ፣ ሲያሻ ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ መግደል ይቻላል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ በሞቀ አየር ከሚንሳፈፍ ፊኛ ላይ መተኮስም ተፈቅዷል፤ ከፊኛ ላይ ያደነ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህን ያህል በር የተከፈተለት አደን አሳማውን ማመናመን ነበረበት። እኔ ግን ከዳላስ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ገበሬዎች መካከል «ዘንድሮስ ቀነሰልን» የሚል ሰው አላገኘሁም። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ባለሙያዎች በግዛቲቱ ያለውን የዱር አሳማ 2.6 ሚሊዮን ገደማ አድርገው ገምተውት ነበር፤ በመላ አገሪቱ ደግሞ 6 ሚሊዮን እንደሚደርስ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ይናገራል። በሰብል፣ በግጦሽ፣ በውሃና በአጥር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዓመት ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመታል። ጠመንጃ በሞላበት፣ ተኳሽ በማይጠፋበት፣ ሕጉም የማንንም እጅ ባልያዘበት አገር ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። አሳማው የበዛው ጠመንጃ ጠፍቶ አይደለም፤ አደኑ ራሱ የሚወደድና ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር በሆነበት ቦታ ሁሉ፣ አሳማውን ወደሌለበት አገር የሚያደርሰው ሰው አይታጣም።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። አሳማ ለአሜሪካ ምድር መጤ ነው። ኤርናንዶ ዴ ሶቶ የተባለው ስፔናዊ በ1539 ፍሎሪዳ ላይ ሲወርድ ለሠራዊቱ ስንቅ የሚሆኑ አሳማዎች ይዞ ነበር፤ ከእነዚያ ያመለጡት፣ ኋላም ሰፋሪዎች በየጫካው ለቀው ያረቧቸው ለማዳዎች እየዋሉ እያደሩ ዱር ገቡ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ በደቡቡ ቆላና ረግረግ ተወስኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ባለጸጎች እውነተኛውን የአውሮፓ የጫካ አሳማ ለአደን መዝናኛ ያስመጡ ጀመር፤ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ በኮርቢን ፓርክ፣ በ1912 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ሁፐር ቦልድ በሚባለው ስፍራ አጥረው አኖሩት። አጥሩ አልያዘውም። ቴክሳስም በ1930ዎቹ የራሷን አስመጥታ ለቀቀች። ዛሬ በየእርሻው የምናየው ጥቁር፣ ጠጉራም፣ ትከሻው የገዘፈ እንስሳ ከለማዳውም ከአውሮፓውም የተዳቀለ ነው።

በ1982 የዱር አሳማ መኖሩ የተመዘገበው በ17 ግዛቶች ነበር፤ በኋላ ቁጥሩ ከእጥፍ አልፎ 35 ደረሰ። አሳማ ምግብና ውሃ እስካገኘ ድረስ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ክልል ተወስኖ የሚኖር እንጂ አገር አቋርጦ የሚፈልስ እንስሳ አይደለም። እንግዲያው ከሚታወቅበት ቦታ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በመካከል አንድም አሳማ ሳይታይ፣ ድንገት አንድ ካውንቲ (እንደ እኛ ወረዳ ያለ የግዛት ክፍል) ውስጥ መንጋ ሲገኝ በምን መጣ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የመጣው ፒካፕ በሚጎትተው የከብት ተሳቢ፣ በሌሊት ተጭኖ ነው። አደን የሚወድ ሰው አደኑ ከደጁ እንዲሆንለት ፈልጎ ለቀቀው።

እኔ ጉዳዩን በቅርብ ያየሁት በእድሜ ታላቄ በሆኑ አንድ ወዳጄ መሬት ላይ ነው። ጋሼ ብዙ ዓመት አውሮፕላን ጣቢያ ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ከዳላስ በስተምሥራቅ ከ10 ኤከር የምታንስ ቦታ ገዙ። በጎችና ፍየሎች ያረባሉ፤ በገናና በፋሲካ ሰሞን ከጋርላንድና ከሪቻርድሰን የሚመጣው ሐበሻ በራቸው ላይ ይሰለፋል። ከዚያ የተረፈውን መሬት ለእሸት የሚሆን በቆሎና ለወጥ የሚሆን ጎመን ይዘሩበታል። አንድ የፀደይ ማለዳ «ና እስኪ ጉዴን እይልኝ» ብለው ደወሉልኝ።

እኔ የጠበቅሁት የተረገጠና የተዘበራረቀ ማሳ ነበር። ያገኘሁት ግን ሥርዓት ያለው ሥራ ነው። አሳማው የመስመሩን ጫፍ በአፍንጫው ካገኘ በኋላ፣ መስመሩን ሳይስት እስከ ማሳው ዳር ድረስ ሄዶ፣ እያንዳንዷን የበቆሎ ፍሬ ከተቀበረችበት እየለቀመ በልቷል። ጋሼ ዘሩን በስንት ስንዝር ርቀት እንዳስቀመጡት ከጉድጓዶቹ ላይ ማንበብ ይቻል ነበር። መስመሩ ሲያልቅ ዞሮ በሚቀጥለው ተመልሷል፤ ጎመኑን ንቆ አልፎታል። ከታች በኩል ሽቦው ከመሬት ተገንጥሎ ተነስቷል፣ እሾሁ ላይ እንደ ጅራፍ ክር የጠነከረ ጥቁር ጠጉር ተሰክቷል፣ አጥሩ አጠገብ ያለው የፒካን ዛፍ ግንድ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ተቀብቶ ቅርፊቱ ልሟል። ፍየሎቹ የሚጠጡት ኩሬ መንከባለያ ሆኖ ስለደፈረሰ በባልዲ ነበር የሚያጠጧቸው።

ከሁሉ ያስከፋቸው ግን የግልገሎቹ ነገር ነው። የዱር አሳማ አዲስ የተወለደ የበግና የፍየል ግልገል ይበላል፤ ሲበላም አጥንትና ቆዳ ሳያስቀር ስለሆነ፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሌባ ወይም ኮዮቴ የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ የወሰደው ይመስለዋል። ጋሼም አንድ ሰሞን ውሻ ሲገዙ፣ መብራት ሲሰቅሉ ከርመው ነበር።

«አገር ቤት ከርከሮ ስንጠብቅ ያደግን ሰዎች ነን» አሉኝ ኩሬው ዳር ቆመው፤ «ይሄ ግን ሌላ ነው ልጄ። ያኛው ሲጮህበት ይሄዳል።»

አባባላቸው ከትዝታ ያለፈ ቁም ነገር አለው። በእኛ አገር ገጠር ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ እየጮኸ ከርከሮና ዝንጀሮ ሲከላከል ያላደገ የገበሬ ልጅ ጥቂት ነው። ከርከሮ ሰብል ያጠፋል፣ ያስለቅሳል፤ ነገር ግን በገዛ አገሩ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ የሚገድበው አለ። ነብር ይበላዋል፣ ጅብ ይበላዋል፣ ድርቅ ያሳሳዋል። ቴክሳስ ላይ አንድን የደረሰ አሳማ ደፍሮ የሚጥል አውሬ የለም ማለት ይቻላል፤ ኮዮቴና ቦብካት የሚባለው የዱር ድመት ቢበዛ ግልገሉን ይነጥቃሉ። ሌላም ልዩነት አለ። እኛ ዘንድ ጠመንጃ የክብር ዕቃ ነው፤ አንበሳ ወይም ጎሽ ለገደለ ይዘፈናል፣ ይፎከራል። በከርከሮ የፎከረ ሰው ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሥጋውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም፤ መግደሉ ስም አያስጠራም። ስለዚህ ከርከሮን ከአንዱ ወረዳ ጭኖ ሌላ ወረዳ ላይ የሚለቅ ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ እንኳ ያስቃል። ቴክሳስ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው ምክንያት አለው።

የጠመንጃውም ሕግ ከመነሻው የተገላበጠ ነው። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ነው፤ የሚይዝ ሰው የሚይዘው ተፈቅዶለት ነው። አሜሪካ ውስጥ መያዝ መብት ነው፤ የማይችሉት ሰዎች ናቸው በሕግ የተዘረዘሩት። ዜጋውም ግሪን ካርድ ያለውም 18 ዓመት ከሞላው ፈቃድ ካለው ነጋዴ ረጅም ጠመንጃ፣ 21 ከሞላው ሽጉጥ መግዛት ይችላል፤ 4473 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል፣ ወንጀል እንደሌለበት በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ይጣራል፣ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ከሱቅ ሳይሆን ከግለሰብ ከገዛ የፌደራሉ ሕግ ይህንንም ማጣራት አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ወጣ ብዬ ለአገሬ ልጆች አንድ ነገር ማስገንዘብ እፈልጋለሁ፤ ብዙዎች አያውቁትምና። በተማሪ፣ በሥራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ጠመንጃ መግዛት ቀርቶ በእጁ መያዝም በፌደራል ሕግ ከባድ ወንጀል ነው። ሕጉ ካስቀመጣቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ዋናው ሰውየው ከአንዱ ግዛት በአግባቡ የወጣ የአደን ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው። አሁን ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቴክሳስ «ለአሳማ የአደን ፈቃድ አያስፈልግህም» ትላለች፤ ፌደራል መንግሥቱ ደግሞ «ያ ፈቃድ ከሌለህ ጠመንጃውን መንካት አትችልም» ይላል። ቅዳሜ ማታ የሥራ ባልደረቦቹ «ና አሳማ እንምታ፣ ፈቃድ እኮ አያስፈልግም» ብለው ጠመንጃ የሚያቀብሉት ተማሪ፣ የግዛቲቱን ሕግ ሳይጥስ የፌደራሉን ጥሶ ያድራል፤ ለቪዛው የሚያስከትለውን ደግሞ እሱ አያድርገው። ቴክሳስ ያቀለለችው ወረቀት ለአንዱ ተራ ክፍያ ሲሆን ለሌላው በእስርና በነፃነት መካከል ያለ ወረቀት ነው። የመሰለውን ከማድረጉ በፊት ጠበቃ ቢጠይቅ አይጎዳም።

እኔ ግሪን ካርድ ካገኘሁ በኋላ የአዳኞችን ትምህርት ወስጃለሁ። ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ወዲህ የተወለደ አዳኝ ይህን ትምህርት እንዲወስድ ታዛለች። ከትምህርቱ ውስጥ አእምሮዬ ላይ የቀረው፣ ከምትተኩስበት ነገር በስተጀርባ ምን እንዳለ ሳታውቅ ቃታ አትሳብ የሚለው ነው። ጥይት አሳማውን ሲስት አይቆምም፤ በአሳማው ውስጥ አልፎም ሊሄድ ይችላል። ሌሊት በሙቀት ማያ መነጽር ስታይ ደግሞ ሁሉም ነገር ነጭ ጥላ ነው፤ ከሩቅ የተኛ ጥጃና የሚቆፍር አሳማ ለጀማሪ ዓይን ልዩነታቸው እምብዛም ነው። ሕጉም ይህን ያህል ልቅ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ የተተኮሰ ጥይት የመሬትህን ወሰን አልፎ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ይዞታ ውስጥ ከገባ ጥፋት ነው። ካውንቲዎችም ተሸንሽኖ በተሸጠ መሬት ላይ፣ 10 ኤከርና ከዚያ በታች በሆነ ቦታ ተኩስ መከልከል ይችላሉ።

የጋሼ መሬት እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ነው። በግራቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚቆምበት መንገድ፣ በቀኛቸው ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ አለ። መላው ግዛት ለአሳማ ተኩስ ነፃ ተደርጎ ሳለ፣ በየሌሊቱ የሚጎዱት ሰው መተኮስ አይችሉም፤ መተኮስ የሚችለው ሰው ደግሞ፣ ወደ ጎረቤቱ እመጣለሁ፣ አሳማው እንዲኖር ይፈልጋል።

በዚያው በ2019፣ ኦገስት 3 ቀን፣ በኤል ፓሶ ከተማ በአንድ የዎልማርት መደብር አንድ ታጣቂ ተኩስ ከፍቶ በጠቅላላው 23 ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ ለሰላማዊ ሰው የጦር ሜዳ ዓይነት ጠመንጃ ምን ያደርግለታል የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ አንድ የአርካንሳስ ነዋሪ ልጆቹ በሚጫወቱበት ግቢ ከ30 እስከ 50 የሚሆኑ የዱር አሳማዎች ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ሲገቡበት በምን ይግደላቸው ብሎ ጠየቀ። አገር ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም፤ 30 አሳማ በአንድ መንጋ ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይም አናዋክ በተባለች የቴክሳስ ከተማ አቅራቢያ፣ አረጋውያን ልትንከባከብ ገና ሳይነጋ ወደ ሥራዋ የመጣች ሴት ከመኪናዋ ወርዳ ቤቱ በር ሳትደርስ በአሳማ መንጋ ተገድላለች። እንዲህ ያለ አደጋ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ነገር ግን በዚሁ ሥራ፣ በዚሁ ሰዓት የሚወጡ ስንት እህቶች እንዳሉን ሳስብ ዜናውን እንደ ተረት ማለፍ አልቻልኩም።

ይሁን እንጂ ያ ሰውየ የጠየቀው ጥያቄ አሳማውን ለጠመንጃ ክርክር መከራከሪያ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጠመንጃ ሲወራ ሁለቱም ወገን አሳማውን ያነሳዋል፣ ስለ አሳማው የሚያወራ ግን የለም። ከቴክሳስ 254 ካውንቲዎች መካከል የዱር አሳማ የማይገኝበት ተብሎ ሲጠቀስ የኖረው አንዱ ኤል ፓሶ መሆኑም ሳያስገርመኝ አልቀረም።

ስለ አሳማው ከተነሳ ሒሳቡ ግልጽ ነው። እንስቷ 115 ቀን ገደማ አርግዛ በአማካይ ከ4 እስከ 6 ትወልዳለች፤ ከዐሥር በላይ የምትወልድም አለች። ግልገሏ ራሷ በተወለደች ከ6 እስከ 8 ወር ባለ ጊዜ ለመራቢያ ትደርሳለች። ባለሙያዎቹ እንደሚሉት ቁጥሩ ባለበት እንዲቆም ብቻ በየዓመቱ ከመንጋው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መወገድ አለበት። አንድ አዳኝ ሌሊቱን ሙሉ አድፍጦ ከሃያው ሦስቱን ቢጥል ለእሱ መልካም ሌሊት ነው፤ ለገበሬው ግን ምንም ነው። እንዲያውም ከምንም ይብሳል። የተረፉት ይበታተናሉ፣ ቀን መውጣት ያቆማሉ፣ የመኪና ድምፅና የመብራት ጭላንጭል ይለያሉ፤ በሚቀጥለው ወር ከአንዱ ማሳ የተባረሩት በሦስት ማሳ ላይ ይገኛሉ።

ይህን በገዛ እጇ ፈትና ያየችው ቴኔሲ ናት። በ1999 አሳማ በመላው ግዛቷ ዓመቱን ሙሉ፣ ያለ ቁጥር ገደብ እንዲታደን ፈቀደች፤ ሐሳቡ አዳኝ ይጨርሰዋል የሚል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ከዚያ በፊት በጥቂት አካባቢዎች ብቻ ይታይ የነበረው አሳማ ከሁሉ በላይ የተዛመተው አደኑ ልቅ በሆነባቸው በእነዚያ ዓመታት መሆኑን የግዛቲቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ራሱ ይናገራል። በ2011 ሕጉን ገለበጠችው፤ አሳማ ከአደን እንስሳት ዝርዝር ወጥቶ መጥፋት ካለባቸው ተባዮች ተመደበ። ካንሳስ ቀደም ብላ በ2006 አሳማን ለመዝናኛ ማደን ከለከለች፤ ባለመሬት ሰብሉን ይከላከል፣ የመንግሥት ባለሙያዎች በሄሊኮፕተርና በወጥመድ ያጥፉት አለች። ከድንበሯ ማዶ ኦክላሆማ ላይ አሳማ በየካውንቲው ሲርመሰመስ፣ ካንሳስ ውስጥ እስከ ዛሬ ጥቂት ነው። ሚዙሪም በ2016 የጥበቃ መሥሪያ ቤቷ በሚያስተዳድራቸው መሬቶች ላይ የአሳማ አደንን ስትከለክል አዳኞች በጣም ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ አሳማ ለመቀነስ አሳማ መግደልን መከልከል ሲሰሙት እብደት ይመስላል። ነገር ግን ባለሙያዎቹ ለሳምንታት መኖ እያስለመዱ የሰበሰቡትን መንጋ አንድ ጥይት ሲበትንባቸው ከርመዋል፤ ከዚያም በላይ፣ አደን በሌለበት ቦታ አሳማ አምጥቶ የሚለቅ ሰው ምክንያት ያጣል።

እነዚህ ሦስቱ ግዛቶች ጠመንጃ የሚጠሉ አይደሉም፤ በጠመንጃ ሕጋቸው ከቴክሳስ ብዙም አይርቁም። የማንንም መሣሪያ ሳይነኩ የከለከሉት አሳማው ጨዋታ እንዲሆን ነው። በጠመንጃ ቁጥጥር ጉዳይ የራሴ አስተያየት አለኝ፣ ኤል ፓሶን ያየ ሰው ሊኖረው የሚገባ ነው እላለሁ፤ ይሁንና ሐቀኛ ለመሆን የአሳማው ጉዳይ ያንን ክርክር ለየትኛውም ወገን አያሸንፍለትም።

ቴክሳስ ግን አሳማውን ገበያ አድርጋዋለች። በ2011 የወጣው ሕግ ባለመሬትና የሄሊኮፕተር ኩባንያ መቀመጫ ለአዳኝ እንዲያከራዩ ፈቀደ፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍለው ከአየር ላይ የሚተኩሱ ሰዎች ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ሄሊኮፕተር ገላጣ በሆነው ምዕራብ በኩል በእርግጥ ይሠራል፤ ዛፍ በበዛበት በእኛ በኩል ግን ከላይ ቅጠል እንጂ አሳማ አይታይም። የእንስሳት ጤና ኮሚሽኑ ደንብ ደግሞ የተያዘ የዱር አሳማ በሕይወት እያለ ወደ ቄራ፣ ፈቃድ ወዳለው ማቆያ፣ ወንዱ ከሆነም ወደ ተፈቀደ የአደን ፓርክ እንዲጓጓዝ ይፈቅዳል። ሥጋውን ለምግብ ቤት መሸጥ ለሚፈልግም እንስሳው በምርመራ ሥር ለመታረድ በቁሙ መድረስ አለበት። በዚህ ሁሉ የተነሳ በሕይወት ያለ አሳማ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ያለውን ነገር ደግሞ ሰው በተሳቢ ይዞት ይሄዳል፣ አንዳንዱም መንገድ ላይ ይለቀዋል። በ2017 የግዛቲቱ የግብርና ኮሚሽነር በዋርፋሪን የተሠራ መርዝ ሲያጸድቅ፣ ከተቃወሙት መካከል አዳኞችና የዱር አሳማ ሥጋ ነጋዴዎች ነበሩ፤ አምራቹም በጥቂት ወራት ውስጥ አንስቶታል። መርዙ ለሌሎች እንስሳትም ያሰጋ ስለነበር እኔም አልወደድሁትም፤ ግን ማን እንደጮኸ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ለጋሼ የሠራላቸው ወጥመድ ነው። ክብ ሆኖ የቆመ የብረት በረት፣ ከስልክ ጋር የተገናኘ ካሜራ፣ ከርቀት የሚወርድ በር። ሥራውን የሚያውቅ አንድ የአካባቢው ሰው ተከለላቸው፤ በሩ ክፍት እንደሆነ ለብዙ ሌሊት በቆሎ እየበተነ አለማመዳቸው። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን ከስልኩ ላይ ስናይ ግልገሎቹና አብዛኞቹ እንስቶች ገብተው ይበላሉ፣ ሁለት ትልልቆች ግን ከበሩ ውጭ ቆመው አፍንጫቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ጋሼ ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ነበር። ባለወጥመዱ በሌላ ስልክ «አይጫኑ፣ አይጫኑ» ይላል፤ ውጭ የቀረችው በሩ ሲወርድ ካየች ዕድሜ ልኳን ወጥመድ አትቀርብም፣ የምትወልዳቸውንም ይዛ ትርቃለች። ጋሼ አማትበው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፉት። ከሰነበተ በኋላ አንድ ሌሊት ሁሉም ገቡ፣ በሩም ወረደ። በቦታው መተኮስ ስለማይቻል በማግስቱ በቁማቸው በተሳቢ ተጭነው ሄዱ። ሰውየው ወደ ቄራ ናቸው አለ። እኔ ከዚህ በላይ የጻፍሁትን ሁሉ እያወቅሁ ተሳቢውን እስከ መንገዱ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት፤ ጋሼ ግን ኩሬያቸውን ማጽዳት ጀምረው ነበር።

ችግሩ ከጋሼ አጥር ማዶ ያለው ሰፊ ርስት ነው። ባለቤቱ የጨዋ ሰው ልጅ ነው፤ በረዶ የጣለ ዓመት ትራክተሩን ይዞ መንገዳቸውን የጠረገላቸው እሱ ነው። መሬቱን ለአዳኞች ያከራያል። የአጋዘን ወቅት አጭር ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ የሚያመጣለት አሳማው ነው፤ አዳኞች በመጡ ቁጥር እንዲያገኙ በቆሎ የሚረጩ መመገቢያዎች በየዛፉ ሥር አቁሟል። ከዚያ የሚፈለፈለው መንጋ ነው ወደ ትናንሾቹ ይዞታዎች የሚፈሰው። ወጥመድ እዚያ ውስጥ ካልተተከለ በጋሼ በኩል የሚደረገው ሁሉ ለአንድ የዘር ወቅት ነው። የሕግ መፍትሔ ቢባል፣ እኔ ብጠየቅ ፈቃዱን ለገበሬው እንዲሁ ትቼ፣ አሳማን በሕይወት ወደ አደን ቦታ ማጓጓዝንና እየመገቡ ማቆየትን እከለክል ነበር። የቴክሳስ ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባው በሁለት ዓመት አንዴ ነው፤ ከአደን ኪራይ የሚኖረው ባለመሬት ደግሞ ብዙ ድምፅ አለው።

ስለዚህ ጋሼና አራት ጎረቤቶቻቸው ራሳቸው ሊያነጋግሩት ሄዱ፤ እኔም ለማስተርጎም ተከተልሁ፣ ባላስፈልጋቸውም። ሰውየው በትሕትና አዳመጣቸው፣ ጉዳታቸውንም አላስተባበለም። «አሳማው ከጠፋ ግን ኪራዩን ማን ይከፍለኛል?» አላቸው። ጋሼ በመንገድ ላይ ዝም ብለው ቆዩና በዓመት ስንት እንደሚያገኝ ጠይቀን መምጣት ነበረብን አሉ። አሁን የዓመቱን ኪራይ በአምስት ቤት ተዋጥቶ ለመክፈልና በምትኩ ወጥመዱን በእሱ መሬት ላይ ለመትከል እየተነጋገሩ ነው። በመዋጮው ተስማምተዋል፤ ያልተስማሙት ትልቅ ማሳ ያለው የበለጠ ይክፈል ወይስ እኩል ይሁን በሚለው ላይ ነው።